ውዴታና ግዴታ፦ አሕዛብና የኦሪት ትእዛዛት በአይሁድ ሕግ ታሪክ

የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ፣ ማለትም በዕብራይስጥ ሐላኻ የሚባለው የትእዛዛትና የብያኔ ሥርዓት፣ በእስራኤል ላይ የተጣሉትን ትእዛዛት በድምሩ 613 ሲያደርግ፣ ለቀረው የሰው ልጅ ግን የኖኅ ልጆች ትእዛዛት በመባል የሚታወቁትን ሰባት ብቻ ይሰጣል። እነርሱም ጣዖትን አለማምለክ፣ የእግዚአብሔርን ስም አለመሳደብ፣ ነፍስ አለማጥፋት፣ ከተከለከለ ሩካቤ መራቅ፣ አለመዝረፍ፣ በሕይወት ካለ እንስሳ ሥጋ ቆርጦ አለመብላትና ፍርድ የሚሰጡ ዳኞችን ማቆም ናቸው። በዚህ አከፋፈል መሠረት ሰንበትን ማክበር፣ ከእሪያ ሥጋ መከልከል፣ አሥራት ማውጣት ወይም መገረዝ አይሁዳዊ ካልሆነ ሰው የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ወደ ይሁዲነትም ሳይገቡ፣ ከእነዚህ ትእዛዛት አንዱን ወይም ብዙዎቹን በገዛ ፈቃዳቸው የሚጠብቁ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በአይሁድ ማኅበረሰቦች ዙሪያ ስለ ኖሩ፣ ሕጉ ስለ እነርሱ መናገሩ አልቀረም፤ የተናገረውም በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። የታሪኩ አካሄድ ሲመረመር የሚታየው ግን፣ የአይሁድ ሕግ የእነዚህን ሰዎች ሥራ በአመዛኙ ሲቀበል፣ አጥብቆ የጠበቀው በእነርሱና በእስራኤል መካከል ያለውን ድንበር እንደ ነበረ ነው።

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ቆሞ በነበረበት ዘመን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የመሥዋዕት ጉዳይ ነበር። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ የቤተ መቅደሱን ምረቃ በሚተርክበት ምዕራፍ፣ ሰሎሞን ከሩቅ አገር መጥቶ ወደዚያ ቤት ለሚጸልይ እንግዳ ልመናው እንዲሰማለት ሲማልድ ይታያል። ሚሽና፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የረቢዎች የቃል ሕግ ስብስብ፣ ከአሕዛብ የስእለትና የበጎ ፈቃድ መሥዋዕት መቀበልን ሲፈቅድ፣ እያንዳንዱ እስራኤላዊ ወንድ በየዓመቱ የሚከፍለውን የግማሽ ሰቅል ግብር ግን አሕዛባዊ በገዛ ፈቃዱ ቢያመጣው እንኳ እንዳይቀበሉት ያዝዛል። ይህ ግብር በሕዝቡ ሁሉ ስም የሚቀርበው የዘወትር መሥዋዕት የሚገዛበት ገንዘብ ስለ ነበረ፣ መክፈል ማለት የማኅበሩ አባል መሆን ማለት ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ የእንግዳውን ስጦታ ሲቀበል አባልነትን ግን ነፍጎታል። ይኸው ልዩነት በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ በድንጋይ ተጽፎ ነበር፤ በ1871 የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ከውስጠኛው አጥር አልፎ የሚገባ ባዕድ ለሚደርስበት ሞት ተጠያቂው ራሱ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። እንግዳው መሥዋዕቱን ይሰጣል እንጂ ከአጥሩ አያልፍም።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው የታወቀው በፈረሰ ጊዜ ነው። በ66 የቤተ መቅደሱ ዘበኞች አለቃ የነበረው ኤልዓዛር ወልደ ሐናንያ፣ ካህናቱ ከእንግዲህ ከማንኛውም ባዕድ ስጦታም ሆነ መሥዋዕት እንዳይቀበሉ አሳመናቸው፤ በዚህም ስለ ሮም ቄሣር ይቀርብ የነበረው መሥዋዕት ተቋረጠ። የካህናት አለቆችና ታላላቆቹ ፈሪሳውያን ሕዝቡን ሰብስበው፣ አባቶች ከባዕዳን የመጣውን መባ ሲቀበሉ እንደ ኖሩ፣ መቅደሱም በእነዚያው ስጦታዎች እንዳጌጠ በማስረዳት ቢከራከሩም ሰሚ አላገኙም። የዘመኑ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ለሮምና ለአይሁድ ጦርነት መሠረት የሆነው ይህ ውሳኔ ነው ይላል። ጦርነቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሆኖም በ70 ቤተ መቅደሱን ያሳጣው አመፅ በይፋ የተከፈተው፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው በውዴታው የሚያቀርበውን መሥዋዕት ባለመቀበል መሆኑ በታሪክ መጻሕፍት ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነገር ነው።

ከኢየሩሳሌም ውጭ፣ በግሪክና በሮም ከተሞች የነበረው ሕይወት ሌላ መልክ ነበረው። ዮሴፈስ በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሲጽፍ፣ በሰባተኛው ቀን ከሥራ የማረፍ፣ የመጾም፣ መብራት የማብራትና ከአንዳንድ ምግቦች የመከልከል ልማድ ያልደረሰበት ከተማ የለም እስከ ማለት ይደርሳል። ቃሉ የጠበቃ ቃል በመሆኑ ማጋነኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን በአንጾኪያ ብዙ ግሪኮች ወደ ምኩራብ ሥርዓት ይሳቡ እንደ ነበር፣ በደማስቆም የከተማዋ ወንዶች በአይሁድ ላይ የዶለቱትን ዱለታ ከሚስቶቻቸው ለመደበቅ የተገደዱት ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ወደ አይሁድ አምልኮ አዘንብለው ስለ ነበረ እንደ ሆነ የሚያወሳቸው ዝርዝሮች፣ አጠቃላይ ቃሉን ይደግፉለታል። አይሁድን የሚጠላው የሮም ባለቅኔ ጁቬናል እንኳ፣ ሰንበትን የሚያከብርና ከእሪያ የሚርቅ አባት፣ በኋላም ከዚያ አልፎ የሚገረዝ ልጅ ብሎ ሲዘልፍ፣ ሳያስበው ነገሩ በትውልድ መካከል እንዴት ደረጃ በደረጃ ያድግ እንደ ነበር መስክሯል። በአዲስ ኪዳን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ወይም የሚያመልኩ ተብለው የሚጠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ የቂሣርያው የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስና ከትያጥሮን የመጣችው የቀይ ሐር ሻጭ ልድያ በዚሁ ስም ይታወቃሉ፤ ስሙ ባይነገርለትም፣ በቅፍርናሆም ለአይሁድ ምኩራብ ያሠራው የመቶ አለቃም ከእነርሱ ወገን የሚቆጠር ነው።

በሰርዴስ ምኩራብ ቁፋሮ የተሳተፈው አሜሪካዊው ሊቅ ክራቤል በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ እነዚህ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው አሕዛብ በእውን የነበረ ወገን ሳይሆኑ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ለትረካው ሲል የቀረጻቸው ናቸው ብሎ ነበር። መልሱ ግን በ1976 ከመሬት ወጥቶ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ቱርክ በምትገኘው በጥንታዊቷ አፍሮዲስያስ የተገኘውና በ1987 የታተመው ረጅም የድንጋይ ዓምድ፣ ለአንድ የአይሁድ ማኅበር መዋጮ ያደረጉ ሰዎችን ስም ሲዘረዝር፣ አይሁዳውያኑን ለብቻ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን ደግሞ ከእነርሱ ለይቶ ከ50 በላይ ስሞች ይጠራል። ከእነዚህም መጀመሪያ የተጻፉት ዘጠኙ የከተማዋ ምክር ቤት አባላት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በታች ድንጋይ ጠራቢ፣ ልብስ አጣቢ፣ መዳብ ሠሪ፣ ገንዘብ መንዛሪና የስፖርት ተወዳዳሪ ሳይቀር ተሰልፈዋል። ዓምዱ መጀመሪያ የሦስተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ቢባልም፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው መቶ ዓመት ያወርዱታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ፊተኛው ልክ ከሆነ ዘጠኙ ሹማምንት በሥልጣናቸው የተነሣ ለከተማዋ አማልክት በሚደረገው ሥርዓት ይሳተፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ኋለኛው ልክ ከሆነ ደግሞ ከመካከላቸው ክርስቲያኖች ሊኖሩ ይችላሉ። በፍርግያ አክሞንያ በኔሮን ዘመን ለአይሁድ የምኩራብ ቤት ያሠራችው ዩልያ ሰቬራ የቄሣር አምልኮ ካህን እንደ ነበረች ሲታሰብ፣ ይህ ስም ከአንድ ሙሉ የሕይወት ሥርዓት ይልቅ ሰፊ የወዳጅነት ክልልን ያመለክት እንደ ነበር መቀበል ይሻላል።

የሮም መንግሥት ለእንዲህ ያለው ብዥታ ትዕግሥት አልነበረውም። ቄሣር ቬስፓሲያን ከ70 በኋላ በአይሁድ ላይ የጣለውን ልዩ ግብር ልጁ ድምጥያኖስ ሲያስከፍል፣ አይሁዳዊ ነኝ ሳይሉ በአይሁድ ሥርዓት የሚኖሩትንም ያሳድድ ነበር፤ በ95 የገዛ ዘመዱን ፍላቪየስ ክሌመንስን ያስገደለውና ሚስቱን ዶሚቲላን ያጋዘው፣ አማልክትን በመካድና ወደ አይሁድ ልማድ በማዘንበል ተከሰው ነው። ተከታዩ ኔርቫ በዚህ ግብር ስም የሚደረገውን የሐሰት ክስ ማስቀረቱን በሳንቲም ላይ አስቀርጾ አውጇል። በሁለተኛው መቶ ዓመት አንቶኒኖስ ፒዮስ አይሁድ የገዛ ልጆቻቸውን ብቻ እንዲገርዙ ሲፈቅድ፣ ሌላውን መግረዝ በሕግ የሚያስቀጣ ሆነ፤ በውጤቱም ሙሉ በሙሉ ወደ ይሁዲነት መግባት አደገኛ ሲሆን ሳይገቡ ትእዛዛትን መጠበቅ ግን ከሕግ ውጭ አልነበረም።

ግርዘት መለያው መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየው የአድያቤኔ ቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። በሰሜን መስጴጦምያ የምትገኘው የዚህች መንግሥት ንጉሥ ኢዛጤስ በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኦሪትን ትምህርት በተቀበለ ጊዜ፣ መምህሩ ሐናንያ የተባለው አይሁዳዊ ነጋዴ፣ ሕዝቡ ሊያምፅበት ስለሚችል እንዳይገረዝ መከረው፤ የአይሁድን ሕግ በልቡ ከወደደ ሳይገረዝም እግዚአብሔርን ማምለክ ይችላል አለው። በኋላ ግን ከገሊላ የመጣ ኤልዓዛር የተባለ ሕግ አዋቂ ንጉሡ የሙሴን ሕግ ሲያነብ አገኘውና፣ የሚነበበውን አለመፈጸም በደል መሆኑን ነግሮ እንዲገረዝ አደረገው። ዮሴፈስ የሁለቱን ሰዎች ምክር ሲያቀርብ ለማንኛቸውም አይፈርድም፤ ሁለቱም አይሁዳውያን፣ ሁለቱም በሕጉ ስም የተናገሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ትውፊት በባኮስ ስም የሚታወሰውና የሐዋርያት ሥራ የሚተርክለት የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባም፣ መንግሥቱ በዛሬው ሱዳን የምትገኘው መርዌ ናት የሚለው የብዙ ሊቃውንት አስተያየት እንዳለ ሆኖ፣ ሊሰግዱ እስከ ኢየሩሳሌም ከወጡት አንዱ ነበር። በሠረገላው ሲመለስ ያነብ የነበረው ትንቢተ ኢሳይያስ፣ በ56ኛው ምዕራፍ ሰንበትን ለሚጠብቅ ባዕድና ለጃንደረባ በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንደሚሰጥ የተስፋ ቃል ይዟል።

ይህን ምዕራፍ አንብቦ ወደ ታልሙድ የሚመጣ ሰው መደንገጡ አይቀርም። ታልሙድ፣ ማለትም በሚሽና ላይ የተደረገው የረቢዎች ሰፊ ክርክር መዝገብ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረውን ሬሽ ላቂሽን ጠቅሶ ሰንበትን የሚያከብር አሕዛባዊ ሞት ይገባዋል ይላል፤ ሌላው ሊቅ ረቢ ዮሐናን ኦሪትን ስለሚያጠና አሕዛባዊ ተመሳሳይ ብይን ይሰጣል። ሆኖም በዚያው ገጽ ላይ ረቢ ሜየር ኦሪትን የሚያጠና አሕዛባዊ እንደ ሊቀ ካህናት ነው ማለቱ ተመዝግቧል፤ ታልሙድም ሁለቱን ለማስታረቅ የኋለኛው ሰባቱን ትእዛዛት ስለሚያጠና ሰው የተነገረ ነው ይላል። የኢሳይያስን ባዕድ ደግሞ ረቢዎች ፈጽሞ ወደ እስራኤል የተቀላቀለ ሰው አድርገው ተረጎሙት። የሞት ፍርድ የተባለው በማንም ላይ የተፈጸመ ቅጣት አልነበረም፤ ረቢዎቹ ራሳቸው በባዕድ መንግሥት ሥር ያሉ፣ ይህን ለማስፈጸም ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ለቃሉ ክረት የሚታየው ምክንያት ሰንበት በእግዚአብሔርና በእስራኤል መካከል የተሰጠ የኪዳን ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ነው፤ መሥዋዕትን ማንም ሊያቀርብ ይችላል፣ ምልክትን ግን ባለ ኪዳኑ ብቻ ይይዛል።

የረቢዎች ትምህርት ግን በዚህ ከረር ያለ ገጹ ብቻ የሚመዘን አይደለም። ልጅ ወላጁን እስከ ምን ድረስ ማክበር እንዳለበት የተጠየቀው ረቢ ኤሊዔዘር፣ ምሳሌ ያደረገው እስራኤላዊን ሳይሆን የአስቀሎናውን አሕዛባዊ ዳማ ወልደ ነቲናን ነበር። ሊቃውንቱ ለሊቀ ካህናቱ ኤፉድ የሚሆን ዕንቁ ሊገዙት መጥተው ከፍተኛ ትርፍ ቢሰጡትም፣ የሣጥኑ ቁልፍ ከተኛው አባቱ ራስ ሥር ስለ ነበረ አባቱን ላለመቀስቀስ ንግዱን ተወው፤ በተከታዩ ዓመት ከከብቶቹ መካከል ቀይ ጊደር ተወለደችለት፣ በእርሷም ያጣውን ትርፍ አገኘ። ወላጅን ማክበር ከሰባቱ የኖኅ ትእዛዛት አንዱ ስላልሆነ፣ ዳማ ያደረገው ሁሉ ያልተጣለበትን መፈጸም ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ረቢ ሐኒና የሰጠው አስተያየት ለነገሩ ሁሉ መሠረት ሆነ፤ ትእዛዝ ሳይኖርበት የሚፈጽም ይህን ያህል ከተሸለመ፣ ታዝዞ የሚፈጽም ምን ያህል ይበልጥ ይሆን አለ፤ ታዝዞ የሚፈጽም ይበልጣልና። ዓይነ ስውሩ ረቢ ዮሴፍ ይህን ከመስማቱ በፊት፣ ዓይነ ስውር ከትእዛዛት ነጻ ነው የሚለው አስተያየት ቢጸና ሳይገደድ የሚፈጽም በመሆኑ ለሊቃውንቱ ግብዣ ያደርግ እንደ ነበር፣ ከሰማ በኋላ ግን ግዴታ አለበት ብሎ ለሚያስረዳው ሰው ግብዣ እንደሚያደርግ መናገሩን ታልሙድ ያወሳል። ዛሬ ብዙ ሰው በውዴታ የተደረገውን በግዴታ ከተደረገው ያስበልጣል፤ ረቢዎቹ የገለበጡት ይህንን ነው፤ ሲገለብጡትም በውዴታ የፈጸመውን ሰው ዋጋውን አልከለከሉትም።

ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ሲሆን ተቃውሞው ከሌላ ወገን መጣ። በአራተኛው መቶ ዓመት የሎዶቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች በሰንበት ከሥራ እንዳያርፉና ከአይሁድ ያልቦካ ቂጣ እንዳይቀበሉ ከለከለ፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 እና በ387 በአንጾኪያ ያሰማቸው ኃይለኛ ስብከቶች የተነሡትም ምእመናኑ ለበዓላትና ለመሐላ ወደ ምኩራብ መሄዳቸውን ስላልተዉ ነበር። በኢትዮጵያ ግን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ያጸኑት የቀዳሚት ሰንበት ክብር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጸደቀ። አፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ሰንበትን የሚያከብሩት እንደ አይሁድ እንዳልሆነ፣ ግርዘትም የአገር ልማድ እንደ ሆነ፣ ከእሪያ ሥጋ መራቅም በኦሪት ግዴታ እንዳልሆነ ለኢየሱሳውያን ወቀሳ መልስ ሰጥተዋል። በአይሁድ ሕግ መለኪያ ሲታይ ይህ መልስ ጠቃሚ ነው፤ ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ የሚሠራበት ምክንያት ሌላ ከሆነ፣ ሕጉ ስለ እርሱ የሚናገረው ነገር የለም።

ምክንያትን መለኪያ ያደረገውም በፉስጣጥ፣ በዛሬዋ ካይሮ አጠገብ የኖረው አይሁዳዊ የሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው የሕግ መጽሐፉ በመጨረሻው ክፍል፣ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በፊተኛው፣ አሕዛባዊ ሰንበትን እንዳያከብርና ከልቡ አንቅቶ አዲስ ሃይማኖት እንዳይፈጥር፣ ወይ ፈጽሞ እንዲገባ ወይ በራሱ ሕግ እንዲጸና ያዝዛል፤ ቢተላለፍም ይቀጣል፣ ጥፋቱም ይነገረዋል እንጂ አይገደልም። በኋለኛው ግን፣ ከቀሩት ትእዛዛት አንዱን ዋጋ ለማግኘት ሊፈጽም የሚወድ ሰው በአግባቡ እንዳይፈጽም አይከለከልም፤ የሚቃጠል መሥዋዕቱንና ምጽዋቱን ይቀበሉታል ይላል። ሁለቱ የሚታረቁት፣ አንድን ትእዛዝ እንደ ውዴታ ሥራ መፈጸምና ያንኑ በራስ ላይ እንደ ግዴታ ማወጅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሲታሰብ ነው። አሕዛባዊ ከአዝመራው ያወጣው አሥራት ሕጋዊ ነው የሚለውን የሚሽና ድንጋጌ ሲተረጉምም፣ ሥራው የሚጸናው ሠሪው ዋጋ ያለው በመሆኑ ነው ይላል። በአንድ የደብዳቤ መልሱ ደግሞ የሙሴን ነቢይነት ተቀብሎ የሚፈጽም ሁሉ፣ የታዘዘውን ሰው ያህል ባይሆንም፣ ዋጋውን እንደሚያገኝ ጽፏል። በ16ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረው ዳዊት ኢብን ዚምራ ፈቃዱን ለማጥበብ ሞክሮ፣ ልዩ ቅድስና የሚሹት የኦሪት ጥቅል፣ አሽንክታብና መዙዛ፣ ማለትም በበር መቃን ላይ የሚለጠፈው የብራና ጽሑፍ፣ ለአሕዛብ እንዳይሰጡ ወደ መከልከሉ አዘነበለ። የክራኮቩ ሙሴ ኢሰርለስም እንዲሁ መዙዛ ለአሕዛባዊ መስጠትን ሲከለክል፣ እምቢታው ጠላትነት የሚያስነሣ ከሆነ ግን ይፈቀዳል አለ፤ ከዚህ ፈቃድ በስተጀርባ መዙዛን ለቤቱ የሚመኝ ጌታና ሊቆጣ ይችላል ተብሎ የሚፈራ ኃይል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በዘመናዊው ጊዜ ጥያቄው ከሕግ መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ሰዎች ሕይወት ተመለሰ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሩሲያ የተነሡት ሰንበትን የሚያከብሩ ገበሬዎች፣ ሱቦትኒክ የተባሉት፣ በኋላ ከቀዬአቸው ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካውካሰስ እስከ መጋዝ ደርሰዋል። በሌላ በኩል፣ በ1868 የተወለደው ፈረንሳዊው ካቶሊክ ኤሜ ፓሊየር ወደ ይሁዲነት ለመግባት በጠየቀ ጊዜ፣ የሊቮርኖው ረቢ ኤሊያስ ቤናሞዜግ ሳይገባ የኖኅ ልጅ ሆኖ እንዲኖር መከረው፤ ፓሊየርም ምክሩን ተቀብሎ፣ ቤናሞዜግ በ1900 ካረፈ በኋላ ዋና መጽሐፉን በ1914 አሳተመለት። በአሜሪካም በ1991 የጸደቀ የምክር ቤት ውሳኔ ሰባቱን የኖኅ ትእዛዛት በስም አንሥቷል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የኖኅ ልጆች ነን የሚሉ ሰዎችን የሚመሩ ኦርቶዶክስ ረቢዎች፣ ምጽዋትንና ጸሎትን፣ ወላጅን ማክበርንም በደስታ ይቀበሉላቸዋል። ሰንበትን ማክበር የሚወድ ሰው ግን በዕለቱ ለአይሁዳዊ ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱን፣ ለምሳሌ መብራት ማብራትን፣ ሆን ብሎ እንዲሠራ ብዙዎቹ ያሳስቡታል፤ ወደ ይሁዲነት ለመግባት የሚማር ሰውም በብዙ ማኅበረሰቦች የመግቢያው ሥርዓት እስኪፈጸምለት ድረስ በየሰንበቱ እንዲሁ ያደርጋል።